ሩብ ኪኒን

ነጭ ሳህን፣ አዲስ ምላጭ፣ አንዲት ባለ 5 ሚሊግራም የዲያዜፓም ኪኒን። የአክስቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መቁረጡ የኔ ሥራ ነበር። ኪኒኗ መሐሏ ላይ መስመር ስላላት ለሁለት መክፈሉ አያስቸግርም። ግማሿን እንደገና ለሁለት ስከፍል ግን አንዱ ሩብ ከሌላው ይተልቃል፣ ከጠርዙም ጥቂት ዱቄት ይረግፋል። እትዬ ዱቄቱን በጣታቸው ጫፍ ለቅመው «ይቺም እኮ መድኃኒት ናት» ይላሉ። የሰባት ዓመት ልማድ በዚያች ሩብ እየተሸረፈ ያልቃል ብሎ ማመን ያኔ ለሁለታችንም ከባድ ነበር።

መድኃኒቱን የጀመሩት ባለቤታቸው በሞቱ ሰሞን ነው። እንቅልፍ እምቢ አላቸው፤ ደረታቸው እየተጨነቀ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉታል። ያዩዋቸው ሐኪም «ለጊዜው ይውሰዱ» ብለው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ አዘዙላቸው። ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ የነገራቸው የለም። ማዘዣው ታደሰ፣ እንደገና ታደሰ፣ እሳቸውም መጠየቁን ተዉት። አንድ ዓመት የዐቢይ ጾም ዋዜማ ላይ «በእግዚአብሔር ኃይል ከእንግዲህ በቃኝ» አሉና በአንድ ቀን አቆሙት። አራት ቀን ደህና ከረሙ፤ እኛም ጎበዝ አልናቸው። በስድስተኛው ቀን የድስት ክዳን ቢወድቅ እንደ ጥይት አስደነገጣቸው። ብርሃን ዓይናቸውን ወጋው፣ ጆሯቸው ውስጥ ጢዝ የሚል ድምፅ ገባ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርጋቸው ሲል እየባነኑ ይነሳሉ። ቤተሰቡ የየራሱን ትርጉም ሰጠ። ሐዘኑ አገረሸባቸው ያለ አለ፣ ደም ግፊት ነው ያለ አለ፣ የሰው ዓይን ነው ያለም አልጠፋ። በዘጠነኛው ቀን ኪኒኑን መልሰው ሲውጡ በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ያኔ እሳቸውም እኛም እርግጠኛ ሆንን፤ እትዬ ያለዚህ መድኃኒት መኖር አይችሉም አልን።

ተሳስተን ነበር። ያየነው ሁሉ ትክክል ነው፤ ያነበብንበት መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ይህን መድኃኒት ለመተው ሞክሮ የተመለሰ ብዙ ሰው በዚሁ ንባብ ተሰናክሏል። ስለዚህ ምልክቶቹን እንዴት መቻል ይቻላል ከማለታችን በፊት ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ በደንብ ልናያቸው ይገባል። መቻሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓምና አልፕራዞላም ቤንዞዳያዜፒን የሚባል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዲያዜፓምን ብዙ ሰው ቫሊየም፣ አልፕራዞላምን ደግሞ ዛናክስ በሚል የንግድ ስማቸው ያውቃቸዋል። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ በር በኩል ነው። አእምሯችን ውስጥ ነርቮችን የሚያረጋጋ ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ እንደ ልጓም ልንቆጥረው እንችላለን። ነርቮችን የሚያነቃቃው ግሉታሜት ደግሞ አለንጋው ነው። መድኃኒቱ ራሱ ጋባ አይሆንም፣ ጋባንም አይጨምርም። ጋባ በሚያርፍበት ተቀባይ ላይ ሌላ ቦታ ይዞ የጋባን ክንድ ያበረታል። ልጓሙ ጠበቅ ይላል፣ ነርቩ ይረጋጋል፣ ጭንቀት ይረግባል፣ ጡንቻ ይላላል፣ እንቅልፍ ይመጣል።

ልጓሙ ሳይላላ ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ግን አእምሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዘወትር ልጓሙ የሚጎተት ፈረስ አንገቱን አደንድኖ በተቃራኒው መጎተት ይለምዳል። የጋባ ተቀባዮች ለመድኃኒቱ የሚሰጡት ምላሽ ይደክማል፣ የአለንጋው ወገን ደግሞ ይበረታል። በዚህ መሐል ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ሁለቱ ጉተታዎች ስለተመዛዘኑ ፈረሱ በልኩ እየሄደ ነው። ጋላቢው ልጓሙን ድንገት የለቀቀ ዕለት ፈረሱ ይፈተለካል። ዓመታት ሙሉ ሲጎትትበት የነበረው ኃይል የሚይዘው ሲያጣ ነው እንጂ ፈረሱ አላበደም።

የእትዬ ስድስተኛ ቀን ይህ ነበር። የድስት ክዳኑ፣ ብርሃኑ፣ የጆሯቸው ጢዝታ ሁሉ የአንገቱ ጉተታ ነው። ኪኒኑን መልሰው ሲውጡ ጸጥ ማለቱም ልጓሙ መልሶ መያዙን ያሳያል እንጂ ያለ እሱ መኖር እንደማይችሉ አያሳይም። ፈረሱ አንገቱን የሚያላላበት ጊዜ አልተሰጠውም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። የዚህን ቤተሰብ የመጀመሪያ መድኃኒት ያገኘው ለስዊዙ ሆፍማን ላ ሮሽ ኩባንያ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሊዮ ስተርንባክ ነው። ሊብሪየም እ.ኤ.አ. በ1960፣ ቫሊየም በ1963 ገበያ ላይ ዋሉ። ከእነሱ በፊት የነበሩት ባርቢቹሬት የሚባሉት ማስተኛዎች መጠናቸው ትንሽ ካለፈ ትንፋሽ እያቆሙ ይገድሉ ስለነበር አዲሶቹ እንደ መዳኛ ታዩ። ነገር ግን ገና በ1961 ሊዮ ሆሊስተር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሊብሪየምን በብዛት ሲወስዱ የቆዩ ሕሙማን በድንገት ሲያቆሙ ምን እንደሚደርስባቸው ጽፎ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ «ከ2 እስከ 4 ሳምንት ብቻ» የሚል ምክር ያወጣው በ1988 ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በሐኪም በታዘዘው ልክ የሚወስድ ሰው ሳይቀር ሰውነቱ ሊለምደው እንደሚችል በጥብቅ ማስጠንቀቂያነት በሁሉም ቤንዞዳያዜፒን ላይ እንዲጻፍ ያዘዘው በ2020 ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚህ ማስጠንቀቂያ ድረስ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

በዚህ መሐል ሕሙማኑን ቁጭ ብለው ያዳመጡ አንዲት ሴት ነበሩ። ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ከ1982 እስከ 1994 ይህን መድኃኒት መተው ለሚፈልጉ ሰዎች የተለየ ክሊኒክ ከፍተው ሠሩ። በኋላ የጻፉት መመሪያ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይነበባል። ቁም ነገሩ ሲጨመቅ፣ የቅነሳው ፍጥነት የሕመምተኛው ነው፣ ሰውነት ራሱ ይናገራል፣ ሐኪሙም ያዳምጣል የሚል ነው።

አሁን ወደ ንባቡ። መጠን ሲቀነስ የሚመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው የድሮው ጭንቀት ለጥቂት ቀናት ከቀድሞው በርትቶ ብቅ ማለቱ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመደባል፣ ሲመጣ ይጮኻል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሁለተኛው የአንገቱ ጉተታ ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት ሰውየው የማያውቃቸው ነገሮች ይመጣሉ። የጆሮ መጮህ፣ የቆዳ መለብለብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና መወጠር፣ ድምፅና ብርሃን መብዛት፣ ራስን ከሩቅ እንደማየት ያለ ባዶነት። ሦስተኛው የዋናው ሕመም መመለስ ነው። እሱ አዝግሞ ይመጣል፣ ከቅነሳው ቀን ጋር ቀጠሮ የለውም፣ በራሱም አይለቅም።

ሦስቱን የሚለየው በአብዛኛው ቀን መቁጠር ነው። ለዚህ እትዬ ቀስ ብለው መቀነስ ሲጀምሩ ከልጃቸው የተረፈ የሒሳብ ደብተር አወጡ። ማታ ማታ ቀኑን፣ የወሰዱትን መጠን፣ የተኙትን ሰዓትና ጭንቀቱ ከአሥር ስንት እንደሆነ ይጽፋሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደብተሩ አንድ ነገር አሳየን። ከእያንዳንዱ ቅነሳ በኋላ አራትና አምስት ቀን ጸጥታ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ገደማ ወጀብ፣ ከዚያ መርገብ። ለካ ወጀቡ ሥርዓት ነበረው። እትዬ ያንን ካዩ በኋላ «አብጄ ይሆን» የሚለውን ጥያቄ አልደገሙትም። መርገቡም ቢሆን ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ነሐሴ ሰማይ ነው፣ ፀሐይ ብልጭ ካለች በኋላ መልሶ ይዘንባል። ደህና ቀን ላይ ጨረስኩ ብሎ መፍጠን፣ ክፉ ቀን ላይ አበቃልኝ ብሎ መሸበር፣ ሁለቱም አንዱን ቀን ብቻ ከማየት ይመጣሉ።

ጸጥታው ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስነው የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። አልፕራዞላም ግማሹ ከደም ለመውጣት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ሎራዜፓም ከአሥር እስከ ሃያ ሰዓት። ስለዚህ ምልክቱ በማግስቱ ይመጣል፤ አንዳንድ ሰው እንዲያውም በሁለት መጠን መሐል፣ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ ብርክ ይይዘዋል። ዲያዜፓምና ተረፈ ምርቱ ግን ቀናት አልፎ ሳምንት ሙሉ ደም ውስጥ ይሰነብታሉ። አንዳንድ ሐኪሞች ከቅነሳው በፊት ፈጣኑን መድኃኒት ቀስ በቀስ በዲያዜፓም የሚተኩት ለዚህ ነው፤ የቁልቁለቱን አፋፍ ያረግበዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኪኒኑ ሚሊግራም ትንሽ ነው ማለት መድኃኒቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ግማሽ ሚሊግራም አልፕራዞላም በጉልበቱ ከአሥር ሚሊግራም ዲያዜፓም ጋር ይቀራረባል። ጎረቤት የነገረውን መጠን ይዞ በሌላ መድኃኒት ላይ መሞከር አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደግሞ ዲያዜፓም ስለሚጠራቀምባቸው መውደቅና መደናበር ሊያመጣባቸው ይችላል፤ መለወጡ ለሁሉም አይሆንም።

ወደ ሳህኑ ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ቅነሳ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። እትዬ በቀን 10 ሚሊግራም ነበር የሚወስዱት። ባለ አምስቷን ኪኒን አራት ቦታ ስንከፍል ሩቧ 1.25 ሚሊግራም ትሆናለች። በየጊዜው አንድ ሩብ ቢቀንሱ መንገዱ 8.75፣ 7.5፣ 6.25፣ 5፣ 3.75፣ 2.5፣ 1.25፣ ዜሮ ይሆናል። ለዓይን እኩል ደረጃዎች ናቸው። ለአእምሮ ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያዋ ሩብ ስትነሳ የቀነሰው ካለው ከመቶ 12.5 ነው። ከ5 ወደ 3.75 ሲወርዱ ከመቶ 25። ከ2.5 ወደ 1.25 ሲወርዱ ከመቶ 50። የመጨረሻዋ ሩብ ስትነሳ ከመቶ መቶ። ደረጃው ወደ ታች በወረድን ቁጥር እየረዘመ ሄዶ የመጨረሻው ገደል ይሆናል። «እስከ ግማሽ በሰላም ወርጄ መጨረሻው ላይ ተሰበርኩ» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ድክመቱ የሰውየው ሳይሆን የሒሳቡ ነበር።

መፍትሔው እየወረዱ ሲሄዱ እርምጃውን ማሳጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር ያወጣው መመሪያ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ካለው ላይ ከመቶ 5 እስከ 10 በመቀነስ መጀመርን ይመክራል፤ በምንም መንገድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመቶ 25 እንዳያልፍም ያስጠነቅቃል። በየወሩ ካለው ከመቶ አሥር የሚቀንስ ሰው ከአሥር ወር በኋላ ገና ከመነሻው ሲሦውን ያህል እየወሰደ ነው። ረጅም ነው። ሰባት ዓመት ግን ከዚህ ይረዝማል። እትዬ እስከ 5 ሚሊግራም በሩቦቹ ወረዱ፣ አንዱ ደረጃ ላይ አንድ አንድ ወር እየቆዩ። ከዚያ የሥነ አእምሮ ሐኪማቸው ባለ 2 ሚሊግራም ኪኒን አዘዙላቸው፤ የእሷ ሩብ ግማሽ ሚሊግራም ብቻ ናት። ከ5 እስከ ዜሮ በግማሽ ሚሊግራም አሥር ደረጃ፣ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ፈሳሽ መድኃኒት በሚገኝበት አገር በሲሪንጅ እየለኩ ከዚህም ማሳነስ ይቻላል። ምን እንደሚቆረጥና ምን እንደማይቆረጥ ግን ፋርማሲስት ይጠየቅ፤ ቀስ ብለው እንዲሟሙ ተደርገው የተሠሩ ኪኒኖች ከተቆረጡ ወይም ከተፈጩ የቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ ይለቁታል።

ክፉ ሳምንት ሲመጣስ? መቆም። ያሉበት ደረጃ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ወር፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ መቆየት። እትዬ ሐምሌ ላይ እህታቸው ታመው ስድስት ሳምንት አንድ ቦታ ቆሙ፤ ያ ጊዜ አልባከነም፣ ፈረሱ አንገቱን እያላላ ነበር። ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ አንድ ደረጃ መመለስም ነውር የለበትም። የሚጎዳው ዛሬ ከፋኝ ብሎ አንድ ሙሉ ኪኒን መዋጥ፣ ነገ ተሻለኝ ብሎ መዝለል ነው። አእምሮ ምን ላይ እንደሚለምድ ይጠፋዋል፣ ሰውየውም ኪኒኑን ለጭንቀት ብቸኛ መልስ አድርጎ ማየት ይጀምራል።

ሌሊቱን እንየው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብ እየመታ መንቃት ከሁሉም የከፋው ነው፤ ቤቱ ጸጥ ያለ፣ ሰው የሌለበት ሰዓት ስለሆነ። ሰው ሲፈራ ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያን ጊዜ ከሚገባው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ ጣት ይጠዘጥዛል፣ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ ደረት ይጠባል። ሰውየው ያንን የልብ ድካም ብሎ ያነበዋል፣ የበለጠ ይፈራል፣ የበለጠ ይተነፍሳል። ቀለበቱን የሚበጥሰው ረጅሙ የማስወጫ ትንፋሽ ነው። አራት ቆጥሮ በአፍንጫ ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ በቀስታ ማስወጣት፣ ለአምስት ደቂቃ። እትዬ ቁጥሩን ትተው ሲያስወጡ «ኪርያላይሶን» ይሉበታል፤ ርዝመቱ ልክ መጣ። ሃያ ደቂቃ ተጋድሞ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መነሳት፣ ደብዛዛ መብራት ላይ ቁጭ ብሎ ቀላል ነገር መሥራት፣ ሲያንጎላጅ መመለስ። ጠዋት ግን ምንም ያህል ቢተኙ በዚያው ሰዓት መነሳት። ቀን ተኝቶ የሌሊቱን ለመካስ መሞከር የሚቀጥለውን ሌሊት መስረቅ ነው።

ቡና ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኛ ዘንድ ጉዳዩ መጠጥ ብቻ ስላልሆነ። ካፌይን መድኃኒቱ ያረጋጋውን መልሶ ያነቃቃል፤ ልጓሙ በሚላላበት ወር የአለንጋው ወገን ረዳት ነው። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ ሲኒ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሽ ኃይሉን ይዞ ይጠብቃል። ባንድ ቀን ቡና ማቆም ግን ራሱ ራስ ምታትና መነጫነጭ ያመጣል፤ ሁለት ጦርነት በአንድ ጊዜ መክፈት ነው። እትዬ ከቅነሳው አንድ ወር ቀድመው ወደ ጠዋቱ ብቻ አመጡት። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሲጠራቸው ይሄዳሉ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ አቦሉን ለሽታው ይይዙና ሳይጠጡት ጨዋታውን ይጫወታሉ። መጀመሪያ ላይ «ምን ሆኑብን» ተባለ፤ በኋላ ባለ ቡናዋ ራሷ ከጀበናው ጎን የጦስኝ ሻይ ማፍላት ጀመረች።

መጠጥ ላይ ግን ድርድር የለም። አረቄ ይሁን ጠጅ፣ ቢራ ይሁን ውስኪ፣ አልኮል የሚሠራው በዚያው በጋባ በር በኩል ነው። ያንኑ ልጓም በሌላ እጅ መያዝ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደረብ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፣ በማግስቱ ሲለቅ ደግሞ የቅነሳውን ምልክት ያባብሰዋል። ጫት በበኩሉ አለንጋ ነው። ቅሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚጠጣ፣ አልፎም ለመተኛት የዲያዜፓም ኪኒን የሚጨምር ወጣት በየከተማችን አለ። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ለመቀነስ ሲነሳ ሦስቱንም ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ አንዱን ደብቆ ሌላውን መቀነስ አይቻልም። ትራማዶልም እንደዚሁ ነው፤ ከቤንዞዳያዜፒን ጋር ሲወሰድ ትንፋሽን ያፍናል፣ በራሱም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል።

ጾምና ጸበልን ሳልነካ አላልፍም። ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ቤት ትቶ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ታይቷል። የእምነቱ ኃይል ላይ ክርክር የለኝም፤ እትዬም ሙሉውን ጊዜ ጸበላቸውን አላቋረጡም። ነገር ግን ዓመታት የተወሰደ ቤንዞዳያዜፒን በአንድ ቀን ሲቆም አንዳንድ ሰው ላይ ለሞት የሚያደርስ መንዘፍዘፍ ያመጣል፤ ያ ሲሆን ደግሞ ሰዎች ሌላ ትርጉም ይሰጡታል፣ ሕመምተኛውም ይጎዳል። የንስሐ አባትም ሐኪምም ጉዳዩን ቢያውቁት ይሻላል። ጾም ላይ ያለ ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። በቀን ሦስት ጊዜ አልፕራዞላም የሚወስድ ሙስሊም ወንድም በረመዳን ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ያለው ክፍተት ይረዝምበታልና ወሩ ሳይገባ መነጋገር አለበት። ረጅም ጾም ሲገባ አዲስ ቅነሳ መጀመር ደግሞ ጥሩ ጊዜ አይመስለኝም፤ ባዶ ሆድና የተቆራረጠ እንቅልፍ ምልክቱን ያበዙታል።

መድኃኒት ቤት ሄዶ «አልቋል» መባል እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። በቅነሳ መሐል ያለ ሰው ላይ ግን ያቺ ቃል ድንገተኛ ማቆም ናት። ስለዚህ የአንድ ወሩ ሲያልቅ ሳይሆን ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ይጀመር። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዝ ሰው ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች እዚያ በጥብቅ የሚቆጣጠሯቸው መሆናቸውን ይወቅ፤ ማዘዣውንና የሐኪም ደብዳቤውን ይዞ፣ ፈቃድ የሚጠየቅበት አገር ከሆነም አስቀድሞ ፈቃዱን አውጥቶ ይሂድ። ሻንጣ ሲፈተሽ የተወሰደ መድኃኒት ቅጣት ብቻ ሳይሆን በቀናት ውስጥ ብርክ ያመጣል።

አንዳንድ ቅነሳ ቤት ውስጥ አይሞከርም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ብዙ አልኮል የሚጠጣ፣ በጣም ከፍተኛ መጠን የሚወስድ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም የተንዘፈዘፈ ሰው ከሐኪም ዓይን ሳይርቅ ነው የሚቀንሰው። በማንም ላይ ቢሆን መንዘፍዘፍ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ቀንና ቦታ መሳት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ነገ ይደር አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ቤተሰብ ምን ይበል? እኛ መጀመሪያ ላይ «በርቱ፣ ጠንከር ይበሉ» እንል ነበር። እትዬ አንድ ማታ «መበርታትማ በርትቻለሁ፣ የሚያመኝ ሌላ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ደብተሩን አብረን ማንበብ ጀመርን። «ዛሬ ከቅነሳው ስንተኛ ቀን ነው?» «ሰባተኛ።» «ባለፈው ወርስ በሰባተኛው ስንት ጽፈው ነበር?» «ስምንት።» «ዛሬስ?» «ስድስት ተኩል።» ንግግሩ ይኸው ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚሠራ አሳይቶኛል። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ አዛውንቶች ስለ ጉዳቱና ቀስ ብሎ ስለ መተው በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ተሰጣቸው። በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 27ቱ ሙሉ በሙሉ አቆሙ፤ መጽሐፉ ካልተሰጣቸው ግን ከመቶ 5ቱ ብቻ። አዲስ መድኃኒት አልተሰጣቸውም። የሚሆነውን አስቀድሞ የሚነግራቸው አገኙ። ከዚህ ጋር የሥነ ልቦና ሕክምና የሚያገኝ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል፤ በተለይ ለእንቅልፍ።

መጠኑ ዜሮ የገባ ቀን ነገሩ ያልቃል ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል፤ ጥቂቱ ላይ የጆሮ መጮሁ ወይም የእንቅልፍ መቆራረጡ ወራት ይዘልቃል፣ እየሳሳም ይሄዳል። እትዬ የመጨረሻዋን ግማሽ ሚሊግራም የዋጡት በጥር ነው። በማግስቱ ምንም አልሆኑም፣ በሳምንቱ ሁለት ሌሊት ሳይተኙ ነጋባቸው፣ በየካቲት አጋማሽ አንድ ጊዜ ገበያ መሐል ልባቸው መታና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ቆጠሩ። ይህን ሁሉ የማውቀው ከደብተሩ ነው። በየማታው የተጻፈው በየሁለት ቀኑ፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ እየሆነ ይሄዳል፤ መጋቢት ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ገጾች የበርበሬና የሽንኩርት ሒሳብ ናቸው።